«በልተናል» ያሉት ባልና ሚስት

አንድ ሰው ነበሩ፤ ሠላሳ ዓመት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ የነዱ። ጋሽ ንጋቱ እንበላቸው። ባለቤታቸውን ደግሞ እትዬ የሻረግ። ታሪኩን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፤ እየተቀባበሉ፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው እየሞላ፣ እየሳቁ። ስለዚህ እናንተም ብትስቁ ሐሜት አይሆንባችሁም።

ልጃቸው ሰናይት ውጭ አገር ናት የምትሠራው። «ለእኛ ስትሉ ስትለፉ ኖራችኋል፤ አሁን ደግሞ ትንሽ ዓለምን እዩ» ብላ በአንድ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ይዛቸው ወጣች። መርከብ ስላችሁ ጣና ላይ ያለውን ጀልባ እንዳታስቡ። ፎቁ ብቻ አንገት ያሳምማል። ሌሊት ሲጓዝ ያድርና ጠዋት አንድ ወደብ ላይ ይቆማል። ሰው ወርዶ ከተማውን ሲያይ ይውላል፤ ወደ ማታ ይመለሳል። ያልተመለሰስ? ያልተመለሰ ቀረ! መርከብ እንደኛ ታክሲ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ አይጠብቅም።

አንድ ቀን ኖርዌይ ውስጥ አንዲት የወደብ ከተማ ደረሱ። ሰናይት ሕፃን ልጇ አተኩሶት መውረድ አልቻለችም። «አባዬ፣ አስጎብኚ አለ፤ ከቡድኑ ጋር ሂዱ» አለቻቸው። ጋሽ ንጋቱ በመስኮት ሲመለከቱ አስጎብኚዋ ቢጫ ባንዲራ ይዛ ከፊት ትሄዳለች፤ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተሰልፈው ይከተላሉ።

«እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ባንዲራ ተከትዬ ልሰለፍ?» አሉ። «ልጄ፣ እኔ እኮ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ በጉም የወጣሁ ሰው ነኝ!»

«እሺ አባዬ፤ ብቻ መርከቡ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይነሣል። እማዬ ደግሞ መድኃኒት ወስዳለች፤ ምሳ እንዳታሳልፍባት።»

«ለምሳማ እንመለሳለን» አሉና ወረዱ። እትዬ የሻረግ የስኳር ሕመም አለባቸው። መድኃኒት ውጠው ሳይበሉ መዋል ለእሳቸው ጨዋታ አይደለም። ይህን ያዙልኝ።

ከተማዋ ታምራለች። ቤቱ የእንጨት ነው፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ ተቀብቷል። በየመስኮቱ አበባ አለ። ባልና ሚስት ክንድ ለክንድ ተያይዘው ዳገቱን ወጡ። እትዬ የሻረግ ከጋብቻ ወዲህ ባላቸው መሪ ሳይዙ አብረዋቸው ሲሄዱ ይህ የመጀመሪያቸው እንደሆነ ነገሩኝ። እንዴት ደስ አይላቸው! በየቤቱ ደጅ እየቆሙ «ይቺን የመሰለች ቤት አያምርህም?» ይላሉ፤ ጋሽ ንጋቱም «ያምረኛል» እያሉ፣ ሰዓቱ ሄደ።

እንመለስ ሲሉ ጋሽ ንጋቱ ዘዴ አላቸው። «መርከብ ያለው ውኃ ላይ ነው። ውኃ ያለው ቁልቁል ነው። ስለዚህ ቁልቁል መውረድ ነው።» የሊቅ አነጋገር ነው! ወረዱ። ውኃውንም አገኙ። መርከብ ግን የለም። ለካ ያቺ ከተማ ውኃ የከበባት ናት፤ በየትም በኩል ብትወርዱ ውኃ ነው። የእሳቸው መርከብ ከወጡት ዳገት ወዲያ ማዶ ቆሟል።

«ጠፋን እንዴ?» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ሹፌር አይጠፋም። መንገድ ያረዝማል እንጂ።»

እንደገና ዳገት። ዝናቡም መጣ። ስልካቸው ከመርከቡ ከወረዱ ወዲህ አይሠራም። የምሳ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። እትዬ የሻረግ ዝም ማለት ጀመሩ። እሳቸው ዝም ካሉ ነገር አለ ማለት ነው።

በዚህ መሀል አንዲት ጠና ያለች ሴት ከአንድ ቤት በራፍ ላይ ሆና አየቻቸው። ጃንጥላዋን ይዛ እስከ አጥሩ መጣች። ጋሽ ንጋቱ ከመንገድ የለቃቀሟት እንግሊዝኛ አለቻቸው፤ በእሷ ተግባቡ።

«ከመርከቡ ናችሁ? በስብሳችኋል እኮ። ግቡ፣ ሻይ ልስጣችሁ። የጋገርኩት ኬክም አለ። ከዚያ በመኪናዬ ወደቡ ድረስ አደርሳችኋለሁ» አለች ሴትዮዋ።

እግዚአብሔር ከዚህ በላይ ምን ያድርግ? ሻይ አለ፣ ኬክ አለ፣ መኪና አለ። ሁሉም በአንድ አፍ ቀረበ።

ጋሽ ንጋቱ ምን ብለው የመለሱ ይመስላችኋል?

«ኧረ በልተናል! አመሰግናለሁ፣ በልተናል። መንገዱንም እናውቀዋለን።»

አትሳቁ! እናንተስ ምን ልትሉ ኖሯል? ሰው ቤት ሄዳችሁ «ብሉ» ስትባሉ ወዲያው እጃችሁን ትታጠባላችሁ? አይደረግም። ነውር ነው። መጀመሪያ «በልተናል» ይባላል። የቤቱ እመቤት ትቆጣለች፤ «አሁን ነው ከማዕድ የተነሣነው» ይባላል። «በሞቴ!» ትላለች፤ «እንግዲህ ካልሽ ለቅምሻ ያህል» ይባላል። ከዚያ ሳህኑ ተጠርጎ ይበላል። ሥርዓታችን ይሄ ነው። እኔ እወደዋለሁ፤ ያደግሁበት ነው።

ሴትዮዋ ግን ይህን ከየት ትወቅ? ፈገግ አለች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ «መልካም ጉዞ» አለች፤ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች።

ባልና ሚስት አጥሩ ሥር ዝናብ ላይ ቆመው ቀሩ።

«ገባች እኮ» አሉ እትዬ የሻረግ።

«ትመለሳለች። አንዴ እኮ ነው እምቢ ያልነው» አሉ ጋሽ ንጋቱ። «ሁለተኛ ስትጠይቅ ትንሽ አንገራግረን እንገባለን።»

ቆሙ። ጠበቁ። በሩ አልተከፈተም። በመስኮቱ በኩል ሴትዮዋ ሻይዋን ስትቀዳ ትታያለች። ጋሽ ንጋቱ ትሰማቸው ዘንድ ሳል ሳል አሉ። ማን ይስማቸው?

ያን ጊዜ ነው የእትዬ የሻረግ እጅ ሲንቀጠቀጥ የተሰማቸው። ቀና ብለው ቢያዩ፣ በዚያ ብርድ ግንባራቸው ላብ በላብ ሆኗል። «ንጋቱ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ» አሉና አጥሩን ተደገፉ።

ምእመናን፣ አንድ ሰው ክብሩን ይዞ ሚስቱን ሊያጣ የሚችልበት ቦታ ላይ ቆሟል። መርከቡ ሊሄድ ነው። አገሩ የሰው ነው። በሩ ደግሞ እዚያው አጠገባቸው ነው። ምን አገዳቸው? ግንብ አይደለም፤ ውሻ አይደለም። አንዲት ቃል ናት ያገደቻቸው። ራሳቸው የተናገሯት «በልተናል» የምትባል ቃል።

ጋሽ ንጋቱ ሲነግሩኝ እዚህ ላይ አልሳቁም። «አባቴ፣ ከአጥሩ እስከ በሩ ያለችውን መንገድ ያህል የከበደኝ የለም» አሉኝ። ሚስታቸውን ደግፈው ሄዱ። አንኳኩ። ሴትዮዋ ከፈተች። እሳቸውም ያቺን የተሰባበረች እንግሊዝኛ ይዘው፣ «ዋሽቻለሁ። አልበላንም። መንገዱም ጠፍቶናል። ሚስቴ ታማብኛለች» አሏት።

ሴትዮዋ «ታዲያ ምነው ቅድም?» አላለችም። እትዬ የሻረግን በሌላው ክንዳቸው ይዛ አስገባች፣ ወንበር ላይ አስቀመጠች፣ ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣች፣ ኬኩን በእጇ ቆርሳ ሰጠች። ፊታቸው ወደ ቦታው ሲመለስ ብርድ ልብስ ደርባላቸው መኪናዋን አስነሣች።

መንገድ ላይ ጋሽ ንጋቱ «በእኛ አገር የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ አይደለም» ብለው ሊያስረዷት ሞከሩ። ሴትዮዋ ሳቀች። «እኔ ደግሞ ሰው አልፈልግም ካለ ማስጨነቅ መድፈር ይመስለኛል። በመስኮት እያየኋችሁ፣ ምነው ቢያንኳኩ እል ነበር» አለቻቸው።

መርከቡ ጋ ሲደርሱ መወጣጫው ሊነሣ ነው። ሰናይት ሕፃኑን ታቅፋ እያለቀሰች በሩ ላይ ቆማለች። «አባዬ! ምን ሆናችሁ?»

ጋሽ ንጋቱ እንደ ልማዳቸው «ምንም አልሆንንም» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ። ከዚያ ተዉት። «ጠፍተን ነበር፣ ልጄ» አሉ። «ጠፍተን፣ ርቦን ነበር።» እሳቸውም አለቀሱ። ሰናይት አባቷ እንዲህ ያለ ነገር ሲናገሩ ሰምታ አታውቅም። አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ወደ እናንተ ልምጣ።

እግዚአብሔር ስንት ጊዜ እስከ አጥራችሁ ድረስ መጣ? «በስብሳችኋል፤ ግቡ፤ እኔ አደርሳችኋለሁ» አላችሁ። እናንተስ ምን አላችሁት? «ደህና ነኝ።» «መንገዱን አውቀዋለሁ።» «በልቻለሁ።» ስንቶቻችን ነን ጸሎት ላይ እንኳ ይሉኝታ የያዘን? ትዳራችን እየታመመ «ተመስገን፣ ሁሉ ሰላም ነው» ብለን የምንነሣ? ልጃችን ከቤት ከወጣ ዓመት አልፎት፣ እግዚአብሔር ፊት ቆመን የአየሩን ሁኔታ የምናወራለት?

እሱማ ከዚያች ሴትዮ ይልቅ ለእኛ ቤት ወግ ይቀርባል። አንድ ጊዜ ጠይቆ አይተውም፤ ደግሞ ይጠይቃል፣ ይለምናል፣ «በሞቴ» ይላል። ማን እንደሱ «በሞቴ» ማለት የሚችል አለ? ነገር ግን አፋችሁን ፈልቅቆ አያጎርሳችሁም። ያከብራችኋል። «በልቻለሁ» ያለውን ሰው፣ በመስኮት እያየ፣ ምነው ቢያንኳኳ ይላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ አባቶቻችን። ያውቁታል፤ ይሉኝታውንም ያወረሱን እነሱው ናቸው። ለጎረቤት ሳህን ይሉኝታ ይኑራችሁ፤ ያምርባችኋል። ለነፍሳችሁ ግን አይሁን። አንዳንዶቻችሁ ዛሬም አጥሩ ሥር ቆማችሁ፣ ሁለተኛ እስክትጠሩ እየሳላችሁ ነው። አጠገባችሁ ደግሞ የምትወዱት ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። እሱን ይዛችሁት ሂዱ። አንኳኩ። ቋንቋው ቢሰባበርባችሁም ግድ የለም፤ የጋሽ ንጋቱም ተሰባብሮ ነበር።

አሁን እንጸልይ። ዛሬ ግን «ደህና ነን» ብለን አንጀምር። ትንሽ ዝም እንበልና፣ እያንዳንዳችን የራበንን እንንገረው።