ጓሮ የተሸመነ ጥለት

አንድ ሸማኔ ከሥራ ቤቱ ተባረረ። አንጁሎ ይባላል፤ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ከዚያ ሥራ ቤት ሌላ እንጀራም ዘመድም አልነበረውም።

የሥራ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ማጃ ሸማኔዎቻቸውን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በረድፍ፣ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ነበር የሚያስቀምጧቸው። ሰው በገባ ቁጥር ሁሉም መወርወሪያውን አቁሞ ሰላም ማለት አለበት። ሌሎቹ ሰላም ብለው ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንጁሎ ግን ልቡ አንዴ ከሄደ አይመለስለትም። ዶሮ ካለፈች ከዶሮዋ ጋር፣ ሰው ካሳለ ከሳሉ ጋር ይሄዳል። የጥለቱ ቁጥር ይጠፋበታል፤ ይፈታል፤ እንደገና ይጀምራል።

«አንጁሎ፣ ዶሮዋ በደኅና ገባች?» ይለዋል አጠገቡ የሚሠራው ዋዴ። ቤቱ ይስቃል። አንጁሎም አብሮ ይስቃል፤ ሆዱ ግን አይስቅም።

አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ ጥለት አበላሸ። ጋሽ ማጃ «በቃ፣ ውጣልኝ» አሉት።

«ጋሽ ማጃ፣ ድሩን ይስጡኝና ቤቴ ልሥራው።»

«ዓይኔ ሥር ሆነህ ያልሆነልህ፣ እዚያ ማን ሊያይህ ነው?»

«ማንም። እንዳልታይ ብዬ እኮ ነው።»

ሠርጉ ደርሷል፤ የሌሎቹ ሸማኔዎች እጅ ሁሉ በሌላ ሥራ ተይዟል። እያጉረመረሙ ሰጡት።

አንጁሎ ከኪራይ ቤቱ ጓሮ ሸማኔ እግሩን የሚከትበትን ጉድጓድ ቆፈረ፤ የሽመና ዕቃውን ተከለ፤ ፊቱን ወደ ጭቃው ግድግዳ አዞረ። አሠራሩ እንደ ሰው አልነበረም። ሲለው ተነስቶ እንጨት ይፈልጣል፣ ሲለው ያፏጫል። ልቡ ድሩ ላይ ያረፈ እንደሆነ ደግሞ ምሳውንም ይረሳል።

ጋሽ ማጃ ሳይነግሩት መጡ። ሰዓቱ የሥራ ሰዓት ነው፤ አንጁሎ መጥረቢያ ይዞ ቆሟል።

«ይኸው፤ አላልኩም?»

«እኔን ይተዉኝ ጋሽ ማጃ። ሸማውን ይዩት።»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ጥለቱን ከዳር እስከ ዳር በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። አንድም የሳተ ክር አላገኙም። ከዚያ «ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጣህ አስረክበኝ» ብለውት ሄዱ።

ቅዳሜ ሸማውን ካስረከበ በኋላ አንጁሎ ቶሎ አይወጣም ነበር። ባዶ እጁን ዋዴ አጠገብ ተቀምጦ ተረቡን ሲሰማ ይመሽበታል። ያን ሳቅ ዛሬም ይናፍቀዋል። እዚያ መሀል ተቀምጦ ግን አንድ ክንድ ሸማ መሥራት አይሆንለትም ነበር።

የሰው ሁሉ ልብ የሚሰበሰብበት ቦታ አንድ አይደለም። የሰው ዓይን አንዱን ያተጋዋል፣ ሌላውን ይበትነዋል። ሰው የሚያሠራ፣ ማን ወንበሩ ላይ እንዳለ ከማየቱ በፊት የተሠራውን ይመልከት። እናንተስ ሰነፍ ብላችሁ ያሰናበታችሁት ሰው፣ ያልተስማማው ቦታው ብቻ ይሆን?

ከዓመታት በኋላ ጋሽ ማጃ ዐረፉ። ሥራ ቤቱ ተዘጋ። ዋዴ አገሩ ገባ፤ ሌሎቹም ሌላ ሥራ ያዙ። ከዚያ ረድፍ እስከ ዛሬ የሚሸምነው አንጁሎ ብቻ ነው።