ካቢኔ ውስጥ የሚውለው ስልክ

እናንየ የፈለገችው አንድ ትንሽ ነገር ነበር፤ እስከ ማታ የሚቆይ ባትሪ።

እናንየ የገራሞ ጤና ኬላ ባለሙያ ናት። ከገደሉ ማዶ፣ በእግር ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ መንደር፣ ትሁን የምትባል ሴት ወሯ ገብቷል። ትሁን የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት የተረፈችው ለጥቂት ነው። ያሁኑን ሆስፒታል መውለድ አለባት። ስምምነቱ አጭር ነው፤ ምጡ ሲጀምር ባሏ ይደውላል፣ እናንየ አምቡላንስ ትጠራለች። የጤና ኬላው ስልክ ግን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ ስድስት ሰዓት ሳይሆን ይጠፋል። ባትሪው አይቆይም።

እናንየ ስልኩን ይዛ ሰዓዳ ዘንድ ሄደች። ሰዓዳ ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሰባት ዓመት ስልክ ጠግናለች። መፍቻ ከማንሣቷ በፊት ትጠይቃለች፤ ከጠየቀችም በኋላ መልሱን ለማመን ትዘገያለች። የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰች። ቦታ ጠቋሚውን አጠፋች፣ ብሉቱዙን ዘጋች፣ ከጀርባ ሆነው የሚሠሩ ሦስት መተግበሪያዎችን አስቆመች። «ነገ ስንት ሰዓት እንደጠፋ ጽፈሽ አምጪልኝ» አለቻት። በማግስቱ ስልኩ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ጠፋ። ሰዓዳ ለሙከራ ሌላ ባትሪ አስገብታ ሰጠቻት። እሱም በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰዓት ጠፋ።

«እንግዲህ ባትሪው ንጹሕ ነው» አለች ሰዓዳ። «የሚበላው አንቴናው ነው። ኔትወርክ ያጣ ስልክ ኃይሉን ጨምሮ ይፈልጋል፤ ባጣ ቁጥር ይጨምራል። ለመሆኑ ቀኑን የት ነው የሚውለው?»

«ካቢኔ ውስጥ።»

«የእንጨት?»

«የብረት።»

ሰዓዳ ሳቀች። «እኅቴ፣ እስረኛ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ‹አውጡኝ› እያለ ይጮኻል፣ ስድስት ሰዓት ላይ ድምፁ ይዘጋል። እኔ ዘንድ የሚጠገን ነገር የለም። ሄደሽ ካቢኔውን አስከፍቺ።»

ባትሪው አይቆይም፤ አንቴናው አያርፍምና። አንቴናው አያርፍም፤ ካቢኔው አይከፈትምና።

ካቢኔው አፍ ቢኖረው «ቁልፌ ሞላልኝ ኪስ ነው» ይል ነበር። ጤና ኬላውና ቀበሌው አንድ ግቢ ናቸው፤ ሞላልኝ የሁለቱም የንብረት ክፍል ሠራተኛ ነው። የቀድሞው ስልክ ጠፍቶ እሱ ሁለት ጊዜ ወረዳ ተጠርቶ ተጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ በሥራ ሰዓት ካቢኔ ይውላል። ሲጮኽ ሞላልኝ ይከፍታል፣ ንግግሩ ሲያልቅ ይቆልፋል። ለጥገና ብቻ በፊርማ ይወጣል።

«ለጥገና ስትሰጠኝ ለሥራ አትሰጠኝም?» አለች እናንየ።

«ለጥገና መመሪያ አለው። ለሥራ ደብዳቤ አምጪ።»

«ሴትዮዋ ብትሞትስ?»

ሞላልኝ ቁልፉን በኪሱ ውስጥ ነካ ነካ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም። «ሲስተር፣ ደብዳቤው ካለ እኔ ራሴ አንገትሽ ላይ አንጠለጥልልሻለሁ» አላት።

እናንየ እዚያው ቆማ ደብዳቤውን ጻፈች። ሞላልኝ አነበበው፣ ጥሩ ነው አለ፣ መለሰላት። ማኅተም አልነበረውም።

ማኅተሙ የት ነው? የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ አቶ ስጦታው ኪስ። አቶ ስጦታው የት ናቸው? ለቅሶ ቤት። እናንየ ደብዳቤዋን አጥፋ ወረደች። ባትሪው አይቆይም፤ አንቴናው አያርፍምና። አንቴናው አያርፍም፤ ካቢኔው አይከፈትምና። ካቢኔው አይከፈትም፤ ሞላልኝ አይፈቅድምና። ሞላልኝ አይፈቅድም፤ ደብዳቤው አይጸናምና። ደብዳቤው አይጸናም፤ ማኅተሙ አይመጣምና።

አቶ ስጦታው ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጠዋል። የእድሩ ጸሐፊም እሳቸው ናቸው።

«ጋሼ፣ ማኅተም ብቻ ነው» አለች ዝቅ ብላ።

«ማኅተሙ ይኸው፣ ኪሴ ነው። የማኅተሙ ቀለም መርገጫ ግን ቢሮ ነው፤ በምራቅ አላትምልሽ!»

«ታዲያ ብቅ ብለው ቢመለሱ?»

«ሣልስት እኮ ነው ዛሬ። ድንኳኑ ሳይፈርስ፣ ገመዱና ካስማው ተቆጥሮ ሳልረከብ፣ እንዴት ብዬ ልነሣ?»

«እና ድንኳኑ ለምን አይፈርስም? ሰዉ እኮ ሄዷል።»

አቶ ስጦታው በአገጫቸው አያ ባዬን አሳዩዋት። አያ ባዬ የእድሩ ዳኛ ናቸው፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷል፣ በሕጋቸው ቀልድ አያውቁም። በገራሞ እድር ድንኳን የሚያፈርሱት አምስት ተረኞች ናቸው። አምስቱ ካልተሟሉ ገመድ አይፈታም። አንዱ ከቀረ አራቱ ቁጭ ብለው ይጠብቁታል፤ እንዲያፍር።

አራቱ ከጠዋት ጀምሮ ቁጭ ብለዋል።

«አያ ባዬ» አለች እናንየ፣ «ስለ እግዚአብሔር ያፍርሱት። የጠፋው ተረኛ ማነው? እኔ ራሴ ሄጄ እየጎተትሁ ላምጣው።»

አያ ባዬ ቀና ብለው አዩዋት፤ አራቱ ተረኞችም አዩዋት።

«ተረኛዋማ አንቺ ነሽ።»

እናንየ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክ ስትጠብቅ ተራዋን ረስታለች።

«የት ከርመሽ ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ካቢኔ አጠገብ።»

«ምን ልትሆኚ?»

እናንየ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «ትሁን ወሯ ገብቷል፣ ባሏ ሲደውል ስልኩ መሥራት አለበት፤ ስልኩ አይሠራም፣ ባትሪው አይቆይምና። ባትሪው አይቆይም፣ አንቴናው አያርፍምና። አንቴናው አያርፍም፣ ካቢኔው አይከፈትምና። ካቢኔው አይከፈትም፣ ሞላልኝ አይፈቅድምና። ሞላልኝ አይፈቅድም፣ ደብዳቤው አይጸናምና። ደብዳቤው አይጸናም፣ ማኅተሙ አይመጣምና። ማኅተሙ አይመጣም፣ ጋሼ ስጦታው አይነሡምና። ጋሼ ስጦታው አይነሡም፣ ድንኳኑ አይፈርስምና። ድንኳኑ አይፈርስም፣ እኔ የለሁምና!»

ለቅሶ ቤት አይሳቅም። ሆኖም ከአራቱ አንዱ ፊቱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐዘንተኛዋ እንኳ «ጉድ እኮ ነው» አሉ።

«የትሁን ነገር እውነት ነው?» አያ ባዬ ጠየቁ።

«እውነት ነው። ያኔ ከቃሬዛው የተቀበልኋት እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «ታዲያ ምን ታወሪያለሽ? ያዢ እንጂ!»

እናንየ የመጀመሪያውን ገመድ ያዘች። ነጠላዋን አሸርጣ፣ አራቱን ወንዶች «በሉ እንጂ፣ ተኝታችሁ ነው?» እያለች፣ ካስማውን በድንጋይ እየመታች ነቀለች። የግራሩን ምሰሶ ከአንድ ሰው ጋር ተሸከመች። ሥራው ብዙውን ጊዜ ሙሉ ሰዓት ይፈጃል፤ ያን ዕለት ሃያ አምስት ደቂቃ ወሰደ። አቶ ስጦታው ገመዱን ቆጥረው ሲጨርሱ እሷ ድንኳኑን አጥፋ ላዩ ላይ ተቀምጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። እናንየ መጣች፣ ድንኳኑ ፈረሰ። ድንኳኑ ፈረሰ፣ አቶ ስጦታው ተነሡ። አቶ ስጦታው ተነሡ፣ ማኅተሙ መጣ። ማኅተሙ መጣ፣ ደብዳቤው ጸና። ደብዳቤው ጸና፣ ሞላልኝ ፈቀደ። ሞላልኝ ፈቀደ፣ ካቢኔው ተከፈተ። ሞላልኝም ቃሉን አከበረ፤ ለስልኩ የገመድ ማንጠልጠያ ሠርቶ በገዛ እጁ አንገቷ ላይ አደረገላት። «ከጠፋ ግን አብረን ነው ወረዳ የምንሄደው» አላት።

በማግስቱ ስልኩ ከመስኮቱ ፊት ለፊት፣ የኔትወርክ ማማው ከሚታይበት በኩል ዋለ። እናንየ ለሰዓዳ ብላ ቁጥሩን ጻፈች። አራት ሰዓት ላይ ዘጠና አንድ። ስድስት ሰዓት ላይ ሰማንያ ሦስት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባ። ሰዓዳ አንዲት ብሎን ሳትፈታ ያገኘችው ውጤት ነው፤ አዲስ ባትሪ ሸጣ መገላገል ትችል ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ስልሳ ሁለት በመቶ ሲል፣ ስልኩ ጮኸ።

«ሲስተር፣ ጀምሯታል» አለ የትሁን ባል። ድምፁ ይሰባበራል። «ምን ላድርግ?»

«መንገዱ ድረስ አውጧት። አታስቸኩሏት፣ እንዳትራብም። አምቡላንስ ጠርቼ መልሼ እደውላለሁ፤ ስልኬ አይጠፋም፣ ገባህ? አይጠፋም።»

አምቡላንሱ በሃምሳ ደቂቃ መንገዱ ላይ ደረሰ። ትሁን ሆስፒታል ገብታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ወለደች። እንደ መጀመሪያው ጊዜ ደም ፈሰሳት፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ደም የሚያቆም እጅም የሚተካ ደምም አጠገቧ ነበር።

አንቴናው አረፈ፣ ባትሪው ቆየ። ባትሪው ቆየ፣ ስልኩ ጮኸ። ስልኩ ጮኸ፣ አምቡላንሱ ደረሰ። አምቡላንሱ ደረሰ፣ ትሁን በአራተኛው ቀን ሴት ልጇን ታቅፋ ቤቷ ገባች።