በያጅ ልጁን የካደ አባት

አንድ ሰው ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫቱን ያስራል። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ እሱን ስታሙ ራሳችሁን ትረሳላችሁ። ሆሳዕና ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሆኖ የተመረጠ፣ ሲገባ ሰው የሚነሣለት ሰው ነው።

ልጁ ታሪኳ በሩ ላይ ቆማለች።

«አባዬ፣ ዛሬ እኮ የሽልማታችን ቀን ነው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«ወላጅ መድረክ ላይ ይጠራል።»

ክራቫቱን ፈታና እንደ አዲስ ማሰር ጀመረ። «የአቶ ሎምቤቦ ልጅ በዲግሪ ተመርቆ ዛሬ ይገባል። ድንኳን ተጥሏል። ሽማግሌ ሆኜ ከዚያ ልቅር? እናትሽ ትሂድልሽ።»

«እማዬማ አክስቴን ልታስታምም ወራቤ ናት። ራስህ አይደለህ የሸኘሃት?»

ኮቱን አንሥቶ በአጠገቧ አለፈ።

ለምን? ልጅቷ ሰርቃ ነው? አዋርዳው ነው? ስሙኝ። ታሪኳ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አላለፈችም። እንደ ብዙዎቹ የእናንተ ልጆች። ከዚያ ፖሊ ቴክኒክ ገብታ ብየዳ መማር ጀመረች። በቃ፣ ጥፋቷ ይኸው ነው!

አባቷ ለሰው ሁሉ «ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሪሚዲያል ገብታለች» አለ። መጀመሪያ ሲለው ፊቱ ቀላ። ሲደጋግመው ለመደው። በኋላ «ዩኒቨርሲቲ ናት» ማለት ጀመረ። እሷን ደግሞ «ቱታ ለብሰሽ በሰፈር እንዳትታዪ» አላት። ስለዚህ ቱታዋን በፌስታል ጠቅልላ፣ በጓሮ በር እየወጣች ተማረች። በጓሮ በር! ከገዛ አባቷ ቤት!

ያሰለጠናት ኤርሲዶ የሚባል ሰው ነው። የብየዳ ፍንጣሪ ክንዱን ያዥጎረጎረው፣ ቁጡ ሰው። ያልያዘ ብየዳ ካየ በመዶሻ መትቶ ይገነጥለውና «ድገሚ» ይላል። «ነገ ሰው የሚደገፈው ነገር ነው። ሰው እንዳትጥዪበት።» እሷ ታለቅሳለች፤ ትደግማለች። ሌሎቹ አሰልጣኞች ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እሱ ግን አጠገቧ ቆሞ ያያል። ትምህርት ሰጥቶ የሚሄድ አስተማሪ አለ፤ ሰው ሳይሠራ የማይሄድ አስተማሪም አለ። ኤርሲዶ ሁለተኛው ነበረ።

ታሪኳ እናቷ እንሰት ስትፍቅ እያየች ነው ያደገችው። አንድ እግሯን ሰቅላ፣ ቅጠሉን በተረከዟ ጣውላው ላይ አጣብቃ፣ በቀርከሃ ስትፍቅ ውላ ወገቧ አልቃና ሲላት። እናንተም አይታችኋል። አይታችሁ ግን ቆጮውን በልታችሁ ተነሣችሁ። ይህች ልጅ ከበላች በኋላ አሰበች። የእንሰት መፋቂያ ማሽን ልሥራ አለች።

ከኤርሲዶ ጋር የሠሩት የመጀመሪያው ማሽን ቃጫው ተጠምጥሞበት ቆመ። ቀጥሎ የሠሩት ቃጫውን ከነቆጮው ፈጨው። ኤርሲዶ ተሳደበ፤ ፈቱት፤ እንደገና ገጠሙት። በመጨረሻ ማሽኑ ፋቀ። ቃጫው በአንድ በኩል፣ ቆጮው በሌላ በኩል ወጣ። በክልሉ ውድድር አንደኛ ሆነ። ኮሌጁም ታሪኳን ምርጥ ሰልጣኝ፣ ኤርሲዶን ምርጥ አሰልጣኝ ብሎ በአንድ ቀን ሊሸልማቸው ጠራቸው።

ያን ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን አባትየው በኋላ ነው የሰማው። ታሪኳ አዲስ ሰማያዊ ቱታ ለብሳ መድረክ ላይ ወጣች። ዋንጫ ተሰጣት። መድረክ መሪው፣ «የሰልጣኝ ታሪኳ ወላጆች ወደ መድረክ!» አለ። ጭብጨባው ደመቀ። ማንም አልተነሣም። ደግሞ ጠራ። ጭብጨባው ቀዘቀዘ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ልጅቷ ዋንጫውን እንዳቀፈች መሬት መሬት ታያለች።

ኤርሲዶ ከወንበሩ ተነሥቶ ወጣና አጠገቧ ቆመ። «እኔ አለሁ» አለ። ከመድረክ ሲወርዱ ግን ደሙ ፈልቶ ነበር። «አባትሽ የት ነው ያለው?» አላት። ነገረችው። «ተነሽ፣ እንሂድ። ዋንጫሽን ያያል!» ባጃጅ አስቆመ።

ድንኳኑ ውስጥ አባትየው ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ክትፎ ይበላል። ፊት ለፊቱ የተቀመጠች አንዲት የቤተ ክርስቲያን እኅት፣ «ጋሼ» አለችው፣ «ጠዋት በኤፍ ኤም ስለ አንዲት በያጅ ሲያወሩ ሰማሁ። የእንሰት ማሽን ሠርታ በክልሉ ውድድር አንደኛ ወጣች አሉ። በእርስዎ ስም ነው የጠሯት። ልጅዎ ናት እንዴ?»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ዞሮ አየው።

ወገኖቼ፣ ይህን ሰዓት አስቡት። «አዎ» ማለት ይቻላል። አንዲት ቃል ናት። ነገር ግን ከአዎ በኋላ የሚመጣውን አሰበ። «ዩኒቨርሲቲ ናት ብለውን አልነበረም?» ይሉታል። በያጅ! ሴት ልጅ፣ በያጅ! ደግሞ የሽማግሌ ልጅ!

አፉን በሶፍት ጠረገና፣ «አይ፣ የስም መመሳሰል ነው» አለ። «የእኔዋ ዩኒቨርሲቲ ናት።»

የእኅትየዋ ዐይን በትከሻው ላይ አልፎ ሄዷል። ዞር ሲል ኤርሲዶና ታሪኳ ከጀርባው ቆመዋል።

«የስም መመሳሰል?» አለ ኤርሲዶ። ድምፁ ድንኳኑን ሞላው። «ለተማሪው ድንኳን ጣላችሁ፤ ደግ አደረጋችሁ፣ ለፍቷል። ይህችስ አልለፋችም? እጇን እዩት! ዛሬ መድረክ ላይ አባት እየተባለ ሲጠራ የሙት ልጅ መስላ ቆመች። አባቷ ለካ እዚህ ክትፎ ይበላል!»

ታሪኳ ክንዱን ያዘችው። «ይተው፣ መምህር። እሳቸው ልክ ናቸው። የስም መመሳሰል ነው።»

እሳቸው! አባዬ ስትለው ያደገችውን ሰው፣ እሳቸው!

ዞራ ወጣች። አባትየው ተነሥቶ ተከተላት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ባለኝ። አልተከተላትም። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ እሱ ኬክ እስኪቆረስ ድረስ ተቀመጠ። እግሩ ታስሮ ነው? አይደለም። ክብሩን ይዞ ነው። ልጁን ከመያዝ ክብሩን መያዝ መረጠ!

ታሪኳ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ከኮሌጅ ጓደኞቿ ጋር ተደራጅታ ከገበያው ጀርባ ብየዳ ቤት ከፈተች። እናቷ ከወራቤ መጥታ የሆነውን ስትሰማ፣ የልጇን ፍራሽ ተሸክማ ወስዳ ሰጠቻት። ለባሏ አንድ ቃል አልተናገረችም። ቤቱ ውስጥ የሱ ድምፅ ብቻ ቀረ፤ ቀስ በቀስ እሱም ጠፋ።

ከወራት በኋላ ሰውየው ብየዳ ቤቱ ደጃፍ ላይ ሄዶ ቆመ። ልጁ የብየዳውን ጭምብል ወደ ላይ ገለጥ አደረገች።

«ምን ሊያሠሩ ነው?» አለችው።

«ታሪኳ፣ እኔ ነኝ።»

«አየሁዎት። ምን ሊያሠሩ ነው?»

«አባትሽ ነኝ» አለና ሠራተኞቹ ፊት አለቀሰ።

«እዚህማ አባቴ መሆንዎ ለማን ይጠፋል?» አለች። «የካዱኝ እዚህ አይደለም።» ጭምብሏን መልሳ ሥራዋን ቀጠለች።

የምርቃት እሑድ ደረሰ። በቤተ ክርስቲያን የዲግሪ ተመራቂዎች ጋውን ለብሰው ከፊት ተደረደሩ። ስማቸው ይነበባል፤ ጉባኤው እልል ይላል። ሰውየው ከሽማግሌዎች መቀመጫ ተነሥቶ መኻል መተላለፊያው ላይ ቆመ።

«ልጄ ታሪኳ በያጅ ናት» አለ። «ዩኒቨርሲቲ ናት ያልኳችሁ ውሸቴን ነው። ልጅህ ናት ወይ ስባል አይደለችም ብያለሁ። ያስተማራት ኤርሲዶ ይባላል። ሁለቱንም ጥሩልኝና ከእነዚህ ጋር ይመረቁ።»

ፕሮግራም መሪው ተጨነቀ። «ሽማግሌ፣ የዛሬው ፕሮግራም የዲግሪ ተመራቂዎች ነው። የእነሱን ሌላ ጊዜ...»

«ሌላ ጊዜ መቼ ነው?»

ፕሮግራም መሪው ወደሚቀጥለው ስም አለፈ።

«ይቀመጡ፣ ሰው እያየ ነው» አለው አንዱ። አልተቀመጠም። መዘምራኑ ዘመሩ፣ ስብከቱ ተሰበከ፣ ኬኩ ተቆረሰ፤ እሱ ቆሞ ነበር። ሰው በአጠገቡ እያለፈ ወጣ።

ይህን እናቷ ሄዳ ለታሪኳ ነገረቻት። ልጅቷ በሳምንቱ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ቤት መጣችና አባቷ አጠገብ ተቀመጠች። «አባዬ፣ እግርህን አላመመህም?» አለችው። በአንድ ትሪ በሉ።

እሱ ከክህደቱ ተመለሰ። ቤተ ክርስቲያኑስ? ያ «ሌላ ጊዜ» መጣ? አልመጣም!

እናንተስ? ጌታ በአናጢ ቤት አደገ ብላችሁ በእንባ ትዘምራላችሁ። ልጃችሁ አናጢ ልሁን ሲል ግን ጋኔን እንደያዘው ጾም ጸሎት ታውጃላችሁ! የዲግሪ ተመራቂ ሲጠራ እጃችሁ እስኪቃጠል ታጨበጭባላችሁ። እዚህ ውስጥ ቧንቧ የሚገጥም፣ መብራት የሚዘረጋ፣ ሞተር የሚፈታ ልጅ የለም? አለ። ያውና ከኋላ ወንበር ላይ። ማን ነው እዚያ ያስቀመጠው? እሱ ራሱ ነው? እናንተ ናችሁ!

እጁን ይዘው ያሰለጠኑትስ? ልጃችሁን ሰው ያደረገውን አሰልጣኝ ስሙን ታውቁታላችሁ? አንድ ቀን ቤታችሁ ጠርታችሁት ታውቃላችሁ? ጋኑ ሲሞላ፣ በሩ ሲገጠም፣ መብራቱ ሲበራ ብቻ «ተባረክ» ማለት ምስጋና ነው እንዴ?

አሜን አትበሉኝ። ዛሬ አሜናችሁን አልፈልግም። የሚመጣው እሑድ የምርቃት ቀናችን ነው። በሙያ የሰለጠኑ ልጆቻችሁን ከነቱታቸው፣ አሰልጣኞቻቸውንም ከጎናቸው አድርጋችሁ ከፊት አቁሙ። እነሱ ከፊት ካልቆሙ፣ እኔን እዚህ መድረክ ላይ እንዳትጠብቁኝ።