መርዶ ያልሰማው ክፍል

ስሙኝማ፤ ካላመናችሁ ኃጢአቱ የእኔ።

ጎረቤታችን ጠጂቱ አንዲት ነገር ፈለገች፤ አንዲት ወረቀት። ባሏ ባልቻ ለኦፕራሲዮን ተኝቷል፤ ሐኪሙ ግን የምርመራ ውጤቱን ሳያይ ቢላ አያነሳም። ስድስት ሰዓት ካለፈ ተራው ለሌላ ወር ነው። ባልቻ ደግሞ ፊቱ ሲታይ ወር የሚቆይ አይደለም።

ውጤቱ የሚታተምበት የሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሄደች። ጸሐፊው ደምሰው ማተሚያውን ነካ ነካ አደረገና፣ «ውጤቱን ሦስተኛው ክፍል ካልላከልኝ አላትምም አለ፣ እናቴ» አላት።

ማተሚያው አያትምም፣ ሐኪሙ ቢላ አያነሳም፣ ባልቻ አይድንም።

«ሦስተኛው ክፍል የት ነው? ሄጄ አንኳኳለሁ!»

ያለው ሰርቨር ውስጥ ነው፤ የሆስፒታሉን መዝገብ የሚይዝ፣ ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን። እንደ ኪራይ ግቢ ለአራት ክፍል ተከፋፍሏል፤ ዘበኛ የሚሉት ፕሮግራም በር ይጠብቃል። ደምሰው ማሽኑ ወዳለበት ቤት ወሰዳት። ቤቱ ብርድ ነው፤ እንደ ንብ ቀፎ ያጉረመርማል። ባለሙያዋ ፍሬሰንበት ጋቢ ደርባ ተቀምጣለች።

«ሦስተኛው አለ፤ ዘበኛው ነው እምቢ ያለው» አለች። «ክፍሎቹ ለመላክ በየተራ የሚይዙት አንድ ቁልፍ አላቸው። አራተኛው ክፍል ወስዶ አልመለሰም።»

ቁልፉ አይመለስም፣ ዘበኛው አይከፍትም፣ ሦስተኛው አይልክም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሐኪሙ ቢላ አያነሳም፣ ባልቻ አይድንም።

«አራተኛውን ጥሪልኛ!»

«አራተኛው የለም። ማክሰኞ አፈረስነው።»

«የፈረሰ ቤት ቁልፍ ይይዛል እንዴ?»

«ይይዛል። የታወቀ ችግር ነው፤ ደብተራችን ላይ ሰፍሯል።»

ስክሪኑን አዞረችላት። አራተኛ ክፍል፦ የለም። ከሥሩ ግን በየደቂቃው አንድ ቃል ብቅ ይላል። አለሁ። አለሁ። አለሁ።

የሌለው አይሰጥም፣ ቁልፉ አይመለስም፣ ዘበኛው አይከፍትም፣ ሦስተኛው አይልክም፣ ማተሚያው አያትምም፣ ሐኪሙ ቢላ አያነሳም፣ ባልቻ አይድንም።

ጠጂቱ ስንቱን ለቅሶ የደረሰች ሴት ናት፤ ወዲያው ገባት።

«ስታፈርሱት ነግራችሁታል?»

«ማንን?»

«እሱን ነዋ! መርዶ ያልሰማ እንዴት ይሂድ?»

ፍሬሰንበት ደነገጠች። ማክሰኞ ተቻኩለው፣ ቁልፍ የሚያስመልሰውን «ዝጋ» የሚለውን ትእዛዝ ሳይሰጡት ነበር ያፈረሱት። የሌለ ትእዛዝ አይሰማምና፣ በዚያው ስሙ እንደገና ሠራችው። ማሽኑ አቃሰተ። ክፍሉ ተነሣ፤ ባዶ ነው፣ ቁልፉን ግን ጨብጧል። «ዝጋ» ብላ ጻፈችለት።

«መርዶ እንዲህ ይነገራል እንዴ?» አለች ጠጂቱ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። «ማክሰኞ አልፈሃል፣ ልጄ። እግዜር ያጽናህ።»

ጉርምርምታው ጸጥ አለ። አለሁ የሚለውም ጠፋ።

የሌለው ሰጠ፣ ቁልፉ ተመለሰ፣ ዘበኛው ከፈተ፣ ሦስተኛው ላከ፣ ማተሚያው አተመ፣ ሐኪሙ ቢላውን አነሳ፣ ባልቻም ዳነ።

ወረቀቱ ዛሬም ጠጂቱ ሣጥን ውስጥ ነው። ከግርጌው፣ ደምሰውም ፍሬሰንበትም ያልጻፉት አንድ ቃል አለ፦ ሰማሁ።

ተረቴን አስረከብኩ፤ እናንተም የያዛችሁትን መልሱ።