ተረብ ነበር እኮ

አንድ ሰው ነበረ፤ ልብስ ሰፊ። አስናቀ ይባላል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አንድ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ደርድረው ይሠሩ ነበር። ከሁለቱ የልብ ጓደኛው ውብሸት ተረበኛ ነው። እሱ ሲተርብ ልብስ ሊያሰፋ የመጣው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

አስናቀ ልጅ አልነበረውም። ነጭ ጨርቅ በመጣ ቁጥር ውብሸት፣ «አስናቀ፣ ከዚች ትንሽ እናስቀር እንዴ? ለክርስትናው ትሆናለች» ይለዋል። አስናቀ ይስቃል። ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካም ይስቃል።

አንድ ቀን አስናቀ አርፍዶ መጣ። የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። ሚስቱ ጥሩወርቅ ያረገዘችው፣ ለማንም ያልነገሩት ልጅ ሌሊቱን ሞቶ ተወለደ። ታዲያ ለምን ሥራ መጣ? የሚሄድበት ጠፍቶት።

ውብሸት ምንም አያውቅም። «ምነው አረፈድክ? ጥሩወርቅ አማጠች እንዴ?» አለው።

በረንዳው ሳቀ። አስናቀም ሳቀ። ከዚያ መኪናውን ሸፍኖ ሄደ።

ውብሸት ነገሩን ከጎረቤት ሰምቶ በማግስቱ አስናቀ ደጅ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ ተረብ ነበር እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዲህ የሚያምህ ከሆነ ለምን አልነገርከኝም?»

«ስስቅልህ ኖሬ በየት በኩል ልንገርህ?»

«ይቅር በለኝ።»

«ይቅር ብዬሃለሁ።»

ከልቡ ነበር ያለው። ግን መኪናውን ወደ ሌላ ሰፈር ወሰደ። ዛሬ መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ «እንደምን ዋሉ?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ እርስዎስ?» ይባባላሉ። እነዚያ አንተ ለአንተ የነበሩት፣ አንቱ ተባብለው ይተላለፋሉ።

ወገኖቼ፣ ተረብ ምንድን ነው? የፍቅር ጨዋታ አይደለም? የማይዋደዱማ ይሰዳደባሉ እንጂ አይተራረቡም። ውብሸት አስናቀን ይወደው ነበር። መውደዱ ምን አተረፈለት?

«እሱ እኮ ይስቃል» ትላላችሁ። አስናቀስ አልሳቀም? ጥርስ ባዳ ነው ሲባል አልሰማችሁም? እናንተስ ሆዳችሁ እያረረ የሳቃችሁበት ቀን የለም?

ቤታችሁ ውስጥ የምትተርቡት ሰው አለ። ያላገባች እህት አለች። ሥራ ያጣ ወንድም አለ። ይስቁላችኋል።

ውብሸት ይቅርታ አገኘ፤ ጓደኛ ግን አላገኘም። በዚህ ላይ የምጨምርላችሁ መጽናኛ የለኝም፤ ፈልጌ አጣሁ። ብቻ ዛሬ ቤት ስትገቡ የምትተርቡትን ሰው ጠይቁት። «ሲያምህ ነው የምትስቀው?» በሉት። ምናልባት አሁንም ይስቅላችኋል። ያን ጊዜ እናንተ አትሳቁ።