የጃርት መያዣ

ተረት ተረት ብያለሁ፤ የበረቱን በር ክፈቱልኝ።

እመት ጃርት መሬቷን ቆፍራ ጨርሳ፣ ዝናቡም ጥሎላት፣ የምትዘራው ፍሬ አጣች። ዘር ልትበደር ወደ ዝንጀሮ ጎተራ ሄደችና ከጎሽ ኋላ ተሰለፈች።

«መያዣ?» አለ ዝንጀሮ።

ጎሽ ቀንዱን ነቀነቀ።

«ኧረ ይበቃል ጌታዬ፣ ይውሰዱ!» ብሎ ዝንጀሮ ቁናውን እየሞላ ሰፈረለት። ጎሽም ዘሩን ተሸክሞ ሄደ።

«አንቺስ፣ ቀንድ አለሽ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው መንገድ ልቀቂ።»

ጃርት ከንፈሯን ነከሰች። ዛሬ ካልዘራች መሬቱ ይደርቅባታል።

«ቆይ እስቲ ጋሼ ዝንጀሮ፣ የጎሽ መያዣ የታለ?»

ዝንጀሮ ዞሮ አየ። ቀንዱ ከነጎሹ ዳገቱን እየወጣ ነበር።

ጃርት ዓይኗን ጨፍና ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቀለችና ጎተራው ደፍ ላይ አኖረችው። ጫፉ ደም ነክቶታል።

«የኔ እዚሁ ይቀመጣል» አለች። «ዘሩን ስመልስ ይመልሱልኛል።»

ዝንጀሮ እሾሁን አገላብጦ አየው። ከዚያ ቁናውን አነሳ።

ከኋላ የተሰለፈችው ቆቅ ይህን ስታይ ክንፏን ዘርግታ የምትነቅለውን ላባ መምረጥ ጀመረች።

ተረቴን አበድሬያችኋለሁ፤ ሲበቅል መልሱልኝ።