አረፋ ያወጣው የዘይቱን ቅጠል

አንድ ጊዜ አንዲት አህያ ከወንዝ ዳር፣ ከዘይቱን ዛፍ ሥር፣ የታመመ ውርንጭላዋን አስተኝታ አጠገቡ ቆማ ነበር። ተቅማጡ ሦስት ቀን አላቆም ብሎት እግሩ መጽናት አቅቶታል። መንጋው ከሰዓት በኋላ ወደ ደጋ ይወጣል፤ መራመድ ያቃተው እዚያው ለጅብ ይቀራል።

ቀበሮ ቅል ታቅፎ ከች አለ።

«እሜቴ፣ እንደምን ዋሉ? የልጅዎን መታመም ብሰማ እህል አልወርድልህ አለኝ።»

«ማን ነገረህ?» አለች። ለማንም አልተናገረችም ነበር።

«ወሬ እግር አለው እኮ! ይኸው የዘይቱን ቅጠል ወቅጬ አመጣሁ። ሰው ሁሉ ፍሬውን በልቶ ቅጠሉን ይንቃል እንጂ የሆድ መድኃኒቱ ያለው ቅጠሉ ላይ ነው።»

አህያ ይህን ታውቃለች። ባለፈው ክረምት ጦጣ ለታመመ ልጇ ለጋ የዘይቱን ቅጠል ስታኝክለት አይታ በልቧ ይዛዋለች። ነገሩ እውነት ነው፤ ግን እውነት ከቀበሮ አፍ ሲወጣ ደስ አላላትም።

ወደ ቅሉ አጎነበሰች። ነጭ አረፋ! በወጣትነቷ የሰው ልብስ ጭና ወንዝ ስትወርድ፣ እንዲህ አረፋ የሚያወጣው የልብስ ማጠቢያው እንዶድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ለጠጣው መርዝ ነው።

«በእኛ ዘንድ የሚያጠጣ ቀድሞ ይቀምሳል፤ በል በመዳፍህ ጠብ አድርግና ቅመስ» አለችው።

ቀበሮ ጠብ አደረገ፤ ላስ ላስ አድርጎም «እሰይ!» አለ። ምላሱ ግን ደረቅ ነበር።

ይኼኔ ከቁጥቋጦው ውስጥ የሆነ ሆድ ጮኸ። አህያ ነገሩ ገባት፤ ውርንጭላው ተመርዞ ሲቀር ሊበላው ጅብ እዚያ አድፍጧል። ድምጿን ከፍ አድርጋ «ወይ መድኃኒት! የሰንጋ ቅልጥም መረቅ ይሸታል! አያ ቀበሮ፣ ለወዳጅ ሳትተው ብቻህን ልትጨርሰው ነው?» አለች።

ጅብ ከቁጥቋጦው ዘሎ ወጣ። «አንተ ሌባ! እኔን በውርንጭላ ሸንግለህ መረቁን ለብቻህ!»

«ኧረ አያ ጅቦ ተው! እሱ እኮ...» ቀበሮ ወደ ኋላ አፈገፈገ። መርዝ ነው ቢል ተንኮሉ ሊገለጥ ነው።

ጅብ ሲከለከል ይብስበታል። ቅሉን ገልብጦ እስከ አተላው ጨለጠው። ብዙም ሳይቆይ ሆዱ ተገለባበጠ፤ አረፋ እየደፈቀ ወደ ወንዙ ተንደረደረ። ቀበሮማ ከሱ በፊት ጠፍቷል።

አህያ አንገቷን አንጠራርታ ከዛፉ ለጋ ቅጠል ቀነጠሰች። መጀመሪያ ራሷ አኘከች። ምሬቱ ምላሷን ጭምድድ አድርጎ ያዘው። «ምላስን እንዲህ የያዘ ሆድንም ይይዝ ይሆናል» አለች። ጥቂት ጠበቀች፤ ምንም አልሆነችም። ከዚያ አላምጣ ለልጇ አጎረሰችው።

መንጋው ሲነሣ ውርንጭላው ተቅማጡ ጋብ ብሎለት እየተንገዳገደ ከእናቱ ጭራ ሥር ሥር ይሄድ ነበር።

ከዚህ የምንማረው መድኃኒትነቱ የታወቀ ቅጠል እንኳ ቢሆን ቀድሞ ካልቀመሰ ሰው እጅ መቀበል እንደማይገባ ነው።